«ቀጥቃጭ ልትሆኚ ነው?» ለተባልሽው እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለንደን ውስጥ የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አዛውንት ባለሙያ ዘንድ ጥንታዊ የኪስ ባሮሜትር፣ ማለት የአየር ግፊት መለኪያ፣ መጠገን ትማሪያለሽ። አሁን ትምህርቱን ትተሽ ጠቅልለሽ እዚያ መግባት አምሮሻል። አዲስ አበባ ያሉት አጎትሽ ግን «ፈረንጅ አገር ድረስ ሄደሽ ቀጥቃጭ ልትሆኚ ነው?» አሉሽ።

ይቺ ቃል አናደደችኝ። ማረሻችንን የሠራልንን ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ስናዋርድ ኖረናል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን ይኸው ዛሬም በስልክ ለንደን ድረስ ይደርስሻል።

አጎትሽ የሥራሽን ውስጥ አላዩትም። ፈረንሳዊው ሉሲየን ቪዲ እንደ አውሮፓውያን በ1844 ሜርኩሪ የሌለው ባሮሜትር ይዞ መጣ። በ1860 ገደማ የለንደኖቹ መሣሪያ ሠሪዎች ኔግሬቲ እና ዛምብራ ያንን አሳንሰው የኪስ ሰዓት አሳከሉት። ውስጡ አየሩ የተመጠጠ፣ ፊቱ ክብ ክብ እየሆነ የተሸበሸበ ቀጭን ከበሮ አለ። የውጭው አየር እንዳይጨፈልቀው ጠንካራ ሞላ ወጥሮ ይዞታል። ግፊቱ ሲለወጥ ከበሮው የሚንቀሳቀሰው በዓይን እንኳ አይለይም። ያቺን እንቅስቃሴ ማንሻዎቹ ያበዟታል፤ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነች ሰንሰለት ቀስቱን ታዞራለች። ከሰንሰለቷ አንዷ ቀለበት ዝገት ከያዛት ቀስቱ ይዋሻል።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሆስፒታል መሣሪያ ጠግኛለሁ። ባለቀስቱን የደም ግፊት መለኪያ ስትከፍቺው ያው ከበሮ ነው፤ እዚያ ግን ግፊቱ የሚገባው ከውስጥ ነው። መጀመሪያ የፈታሁትን መልሼ ስገጥም ቀስቱ ዜሮ ላይ አልቆም አለኝ። ሦስት ቀን ታገልኩት። ጥፋቱ ፀጉር የምታህል ሞላ ላይ ነበር፤ ስገጥማት አንድ ዙር ላልታ ቀርታለች። ያንን ቀስት አይቶ ነው ሐኪም መድኃኒት የሚያዘው።

ለአጎትሽ የላክሽላቸው ባሮሜትር ደግሞ «አዲስ አበባ ሲደርስ ተበላሸ» ተብሎ ተሳቀብሽ። አልተበላሸም! ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው፤ እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ሲወጣ 23 ገደማ ይሆናል። የላክሽው ቁጥሩ ከ28 ይጀምራል ብለሻል። ታዲያ ቀስቱ ከቁጥሩ ውጭ ቢወጣ ምን ይገርማል? ይህን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ? ዛሬውኑ ደውዪና አስረጃቸው።

ስለ ገንዘቡ ግን አላባብልሽም። በጥንታዊ ባሮሜትር ብቻ የለንደንን የቤት ኪራይ መቻል ከባድ ነው። የቀረሽ አንድ ዓመት ነውና ትምህርቱን አታቋርጪ። በ1858 የተመሠረተው የብሪታንያ የሰዓት ሠሪዎች ተቋም በርቀት ስለሚያስተምር ጎን ለጎን ተመዝገቢ። ስትመረቂ የመለኪያ መሣሪያ የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት ግቢ። ወር ጠብቆ ደሞዝ ይመጣል፣ እጅሽም አይቦዝንም። ቅዳሜሽን ለማንም እንዳትሰጪ። ለአጎትሽ ልጅ ሠርግ ላኪ የተባልሽውን 600 ፓውንድም አትላኪ። በሱ ማጉያ መነጽር፣ ጥሩ ወረንጦ፣ ከተረፈም ያገለገለች ትንሽ ቶርኖ ግዢበት።

በ23 ዓመት መጀመር አልረፈደም።

ከበሮው አየር ሲያስገባ እንዴት መልሰው እንደሚመጡትና በብየዳ እንደሚዘጉት አዛውንቱን በሚመጣው ቅዳሜ ጠይቂያቸው። እጃቸው ሳይዝል እያየሽ ጻፊው።