የዲሲን የቼሪ አበባ ሳይጋፉ ለማየት

ሰላም እህቴ። በማርች መጨረሻ ለሁለት ቀን ዋሽንግተን ዲሲ ስለምትመጪ፣ የቼሪ አበባውን ሰው ሳይበዛ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል፤ ግን በሌሊት መነሳት አለብሽ።

ፀሐይ ሳትወጣ የቼሪ ዛፎች የከበቡት ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ ታይዳል ቤዚን ድረሺ። ያኔ ውሃው ጸጥ ይላል፤ አበባው ሁለት ቦታ የበቀለ እስኪመስል ውሃው ላይ ይታያል። ከጄፈርሰን መታሰቢያ ማዶ ቆመሽ ሰማዩ ሲቀላ እይ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው አልጠግበውም። ረፋዱ ላይ ግን፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ መቆሚያም ታጫለሽ።

መኪና ይዘሽ እንዳትሄጂ። ፓርኪንግ ፍለጋ ጠዋትሽን ይበላዋል። በሜትሮ ስሚዝሶንያን ጣቢያ ውረጂና በእግርሽ ሂጂ።

ዛፎቹ ከቶኪዮ በስጦታ የመጡት በ1912 ነው፤ 3,020 ነበሩ። አብዛኞቹ ዮሺኖ የሚባሉት፣ ነጭ የሚያብቡት ናቸው። ዝናብና ንፋስ ካገኛቸው ቶሎ ይረግፋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ብሩህ ከሆነ ለነገ አትበይ። ለፎቶ ብለሽ ቅርንጫፍ አትሳቢ፣ አበባም አትቅጠፊ። ክልክል ነው፤ ዛፉም ይጎዳል።

ጉዞሽ ወደ ኤፕሪል አጋማሽ ከተገፋ ደግሞ አይክፋሽ። ክዋንዛን የሚባሉት ደማቅ ሮዝ ቼሪዎች ከዮሺኖዎቹ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይተው ያብባሉ። እነሱን ኢስት ፖቶማክ ፓርክ ታገኚያቸዋለሽ።