ሁለቱም ኦርጅናል፣ የሚበረክተው ግን አንዱ ብቻ፦ ለምን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት የብሉዪ (የልጆች ካርቱን ላይ ያለችው ሰማያዊ ቡችላ) ለስላሳ አሻንጉሊቶች ተገዙ፤ ሁለቱም ኦርጅናል የሚል ታግ አላቸው። አንዷ እስካሁን እንደ አዲስ ናት፤ ሌላኛዋ ግን በሁለት ወር አንገቷ ዘመመ፣ ጎኗ ተተረተረ፣ የዓይኗ ቀለም ተላጠ። ታዲያ ሁለተኛዋ ፎርጅድ ናት ወይ?

ላትሆን ትችላለች። «ኦርጅናል» ማለት የገጸ ባሕርይዋ ባለቤት የሆነው ድርጅት ምስሏን ለመጠቀም ፈቃድ ሰጥቷል ማለት ብቻ ነው። ስለ ክሩም ሆነ ስለ ሙሌቱ የሚነግረን ነገር የለም። ፈቃዱ ደግሞ የሚሸጠው ተቆራርጦ ነው። ለአንዱ አምራች በአንድ አገር፣ ለሌላው በሌላ አገር፤ ለአንዱ ትልቁንና ውዱን፣ ለሌላው ጨዋታ ቤት ውስጥ በማሽን መንጠቆ ተይዞ የሚወጣውን ሽልማት፣ ለሦስተኛው የሚያወራውንና የሚዘፍነውን። የሁሉም ታግ ላይ ያው አንድ ፊት ታትሟል።

በዓመታት መካከልም እጅ ይለዋወጣል። ሰሳሚ ስትሪት በተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ያለውን ቀዩን ኤልሞን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያውን ያናወጠው፣ ሲኮረኩሩት የሚስቀው ኤልሞ ታይኮ የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ሥራ ነበር። ታይኮ በ1997 በሌላው ኩባንያ በማቴል ተጠቀለለ፤ ከ2011 ጀምሮ የሰሳሚ ስትሪት አሻንጉሊቶች ወደ ሀዝብሮ፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ወደ ጀስት ፕሌይ ዞሩ። ከእነዚህ ኩባንያዎች ጎን ለጎን ጋንድ የተባለውም የራሱን ኤልሞ ሠርቷል። ስለዚህ «ኤልሞ ጥሩ ነው» ወይም «ኤልሞ አይረባም» ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። የሚነበበው በታጉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የአምራቹ ስምና የምርት ዙር ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት አሻንጉሊቶች እዚህ ጋ ይለያያሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ገጸ ባሕርይው ራሱ ለመስፋት ይመቻል ወይስ አይመችም? ኤልሞ ከመጀመሪያውም በጨርቅና በጸጉር የተሠራ የእጅ አሻንጉሊት ስለሆነ ወደ ልጅ እቅፍ ሲመጣ የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው። የካርቱኗ አሳማ ፔፓ ፒግ ግን ጠፍጣፋ ሥዕል ናት፤ ወደ ጎን ዞራ ሳለ ሁለቱም ዓይኖቿ በአንድ በኩል ይታያሉ። እንዲህ ያለ ፊት በስፌት ሲነሳ ዓይኑ የት ይቀመጥ የሚለውን አንድ ሰው መወሰን አለበት፤ እዚያ ላይ ያልተጨነቀ አምራች ፊቷን ከፔፓ ይልቅ የጸጉር ማድረቂያ ያስመስለዋል። የብሉዪ ጭንቅላት ደግሞ ሳጥን መሰል ነው። ያ ማዕዘን እንዲወጣ ከፊትና ከኋላ ቁራጭ መሃል ዙሪያውን የሚሄድ ሌላ ቁራጭ መግባት አለበት። ወጪ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ የመሃል ቁራጭ ነው፤ ሁለት ቁራጭ ብቻ ፊትና ኋላ ተገጥሞ ይሞላና ሳጥኑ ትራስ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ጭንቅላቱ ላይ ስንት የስፌት መስመር እንዳለ ይቁጠሩ። ከጆሮ ወደ ጆሮ የሚዞር አንድ መስመር ብቻ ካለ የቀረውም ሥራ በዚያው ቁጠባ እንደተሠራ ይገምቱ።

ከዚያ ወደ ፊቱ ይምጡ። ከሁሉ የሚበረክተው ጥልፍ ነው፤ ግን ጥልፍ ሁሉ እኩል አይደለም። ጠጋ ብለው ሲያዩት በክሮቹ መሃል የጨርቁ ቀለም ብቅ ብቅ ካለ ክር ተቆጥቦበታል፣ ቶሎ ይሳሳል። በሙቀት የታተመ ዓይን አዲስ ሳለ ከጥልፍ በላይ ያምራል፤ ሲታጠብና ሲታሽ ግን ይሰነጣጠቃል። በጥያቄው ላይ ባለችው ሁለተኛዋ ብሉዪ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በማስቲሽ የተለጠፈ ጨርቅ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ልጅ ምራቅ ሲያስነካው ጠርዙ ይነሳል። የፕላስቲክ ዓይን ከውስጥ በቀለበት ይታሰራል። የአውሮፓው የአሻንጉሊት ደህንነት ደረጃ፣ ኢኤን 71፣ ከ6 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዓይን ወይም አፍንጫ በ90 ኒውተን (9 ኪሎ የሚመዝን ነገር ቢንጠለጠልበት እንደማለት ነው) ሲሳብ እንዳይነቀል ይጠይቃል። ይህን ቤት ውስጥ መሞከር አይቻልም፤ ጥፍርዎን ከዓይኑ ጠርዝ ሥር ለማስገባት መሞከር ግን ይችላሉ። ጥፍር ከገባ የልጅ ጥርስም ይገባል። ዓይኑ በቦታው የሚሽከረከር ከሆነም ቀለበቱ አልጠበቀም ማለት ነው።

ስፌቱን ለማየት ሁለት አውራ ጣትዎን ከመስመሩ ግራና ቀኝ አድርገው በርከት ባለ ጉልበት ወደ ጎን ይለጥጡ። ጨርቁ ተራርቆ ክሮቹ እንደ መሰላል ደረጃ ከታዩ ወይ ክሩ ላልቷል ወይ የስፌቱ እርምጃ ረዝሟል። ኢኤን 71 ስፌት ከ70 ኒውተን በታች እንዳይከፈት ይላል። የተከፈተ ስፌት ሲያገኙ ምን እንደተበጠሰ ይዩ። ክሩ ብቻ ከሆነ ጨርቁ ጤነኛ ነው፣ መልሶ መስፋት ቀላል ነው። ጨርቁ ተተርትሮ ክሩ ባዶውን ከቀረ ግን ሲቆረጥ ለስፌት የተተወው ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ነበር ማለት ነው። በድሮው መስመር ላይ ቢሰፉት በሳምንቱ ይለቃል፤ 5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ መስፋት ያስፈልጋል፤ አሻንጉሊቱ ትንሽ ቢከሳም።

ጸጉሩን በጣት ይክፈሉት፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅ በቀላሉ ከታየ ጸጉሩ ሳስቷል። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሥር ጊዜ ያህል ቢያሹት ቀለም መልቀቁንም ጸጉር መርገፉንም አንድ ላይ ያያሉ። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ይህን ሙከራ አይዝለሉ።

አንገት መዝመም የሙሌት ጉዳይ ነው። የቴሌቪዥን ገጸ ባሕርያት አብዛኞቹ ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ አንገት ላይ ያርፋል። ጥሩ የፖሊስተር ሙሌት ሆዱን ጨብጠው ሲለቁት ወዲያው ይነሳል፤ የተከተፈ ቁርጥራጭ ከሆነ በጣት ሲዳብሱት ይጎረብጣል፣ እንደተጨፈለቀም ይቀራል። የዘመመ አንገት ይድናል። ከጀርባ ስፌት 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ይፍቱ፤ አዲስ ሙሌት በትንንሹ እየበጣጠሱ በእርሳስ ድፍን ጫፍ ወደ አንገት ይግፉ። በአንዴ ትልቅ እፍኝ ከከተቱ እንደ ኳስ ይቋጠርና አንገቱ ይባስ ይታጠፋል። ሲዘጉት በፖሊስተር ክር መርፌውን በአንዱ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ 3 ሚሊሜትር ያስኪዱ፣ ፊት ለፊት ወዳለው ጠርዝ ይሻገሩና እዚያም እንዲሁ ያድርጉ። በየአምስት ስድስት እርምጃው ክሩን ሲስቡት ሁለቱ ጠርዞች ይገጥማሉ፣ ክሩም ከዓይን ይሰወራል።

ፎርጅዱ እንዴት ይታወቃል ለሚለው፦ የባለቤትነት መብት መስመሩ ከነዓመቱ አለመኖር፣ የፊደል ስህተት፣ የአምራች አድራሻ መጥፋት የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው ሌላ ነው። በኢኤን 71 መሠረት ለማቀፍ የተሠራ ለስላሳ አሻንጉሊት ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንደታሰበ ይቆጠራል። እንዲህ ባለ አሻንጉሊት ላይ «ከ3 ዓመት በታች አይፈቀድም» የሚለውን የተሰረዘ የሕፃን ፊት ካዩ አምራቹ ፈተናውን ሊዘለው ፈልጎ የለጠፈው ሊሆን ይችላል።

የሚያወራውና የሚዘፍነው ዓይነት ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ የባትሪው ክዳን በብሎን መታሰር አለበት። በጥፍር የሚከፈት ከሆነ አይግዙት። የተዋጠ የአዝራር ባትሪ የልጅን ጉሮሮ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። እንዲህ ያለውን ውሃ ውስጥ መንከርም አይቻልም፤ ባትሪውንና ድምፁን የያዘው ሳጥን በዚፕ ተከፍቶ የማይወጣ ከሆነ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ያጽዱ።

ባትሪ የሌለውን አሻንጉሊት በትራስ ልብስ ውስጥ ቋጥረው፣ በማጠቢያ ማሽን በ30 ዲግሪ፣ ለስለስ ባለው ዙር፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ። በረኪና አይጠቀሙ። ማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት ደግሞ ብዙ ጥሩ አሻንጉሊት የሚበላሽበት ቦታ ነው፤ የጸጉሩ ጫፍ ቀልጦ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም። በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ይጫኑትና አየር ባለበት ቦታ ያኑሩት። ላዩ በአንድ ቀን ቢደርቅም የጭንቅላቱ መሃል ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ጨብጠው ሲያሸቱት እርጥበት ከሸተተ ገና ነው። ሲደርቅ ለስለስ ባለ የልጅ ጸጉር ብሩሽ ወደ ተኛበት አቅጣጫ ይቦርሹት።