ለቱተር ከመክፈልሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ «ቱተር (የግል አስጠኚ) ልቅጠርለት ወይስ ገንዘቡን ለኮሌጁ ላስቀምጥ?» ብለሽ ተጨንቀሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ሁለት ልጆች ለኮሌጅ አብቅቻለሁ። በትልቁ ተሳስቻለሁ፤ ከዚያ ስህተት የተጠቀመችው ታናሽ እህቱ ናት።

ለትልቁ ቱተር ቀጥሬለት ነበር። ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እየሠራሁ ነበር የምከፍለው። እውነቱን ለመናገር ቱተሩ ጎበዝ ነበር። ሒሳቡም ተሻሻለ፣ የኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) ውጤቱም ከፍ አለ። ግን የት ማመልከት እንዳለበት የነገረው ሰው የለም። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ተማሪ በዝቶባት በዓመት አንዴ ብታገኘው ነው። እኔ ደግሞ የትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ዋጋ አይቼ «ይሄ ለእኛ አይሆንም» አልኩት። ልጁም አምኖኝ ተወው።

ክዌስትብሪጅ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማነው ኖቬምበር ላይ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ጎበዝ ተማሪዎችን እንደ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ተማሪው እስከ 15 ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ይመርጣል። ከአንዱ ጋር ከተገናኘ የአራት ዓመት ትምህርቱ፣ ማደሪያውና ምግቡ ይሸፈንለታል። ማመልከቻው ግን ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ተዘግቷል። ያን ማታ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለታናሽየው እግዚአብሔር ሰው ሰጠን። ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃት ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የምትሠራ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ታገኛት ነበር። አንድም ቀን ሒሳብ አላስተማረቻትም። መጀመሪያ ያደረገችው የኮርሶቿን ዝርዝር ማየት ነው። «ኢንጂነሪንግ ከፈለግሽ 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ መድረስ አለብሽ» አለቻት። በያዘችው መንገድ አትደርስም ነበር። እኛ ይሄን ከየት እናውቃለን? በሰመር አንድ ኮርስ ወስዳ ደረሰችበት።

ቀጥላ እኔን አስቀመጠችኝ። የታክስ ወረቀቴን ይዘን ዩኒቨርሲቲዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ባስቀመጡት ማስሊያ እኛ የምንከፍለውን አንድ በአንድ አሰላን። ዋጋው አስደንጋጭ የነበረው ትምህርት ቤት ለእኛ ገቢ ሲሰላ እዚሁ አቅራቢያችን ካለው ኮሌጅ ረከሰ! አሁንማ ሀርቫርድ የቤተሰባቸው ገቢ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ተማሪዎች ማደሪያና ምግብ ሳይቀር እንደሚሸፍን በ2025 አስታውቋል። እባክሽ ሳታሰዪ «አንችልም» አትበይው።

ከማመልከቻው ጋር በሚላከው ጽሑፍ (ኤሴይ) ላይ ደግሞ ልጄ መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ስደት ነበር። የሷ ሕይወት አልነበረም፤ ከኔ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ያቺ የቤተ ክርስቲያኗ ልጅ አንድ መስመር አልጻፈችላትም፤ ዝም ብላ ጥያቄ ትጠይቃታለች። በስንተኛው ቀን፣ አያቷን ሐኪም ቤት እየወሰደች ስታስተረጉም መጥፎ ዜና መናገር የከበዳት ቀን ትዝ አላት። የኤሴዩ 650 ቃላት ከዚያ ወጡ። እኔ ራሴ እስከዚያ ድረስ ያን ቀን አላውቀውም ነበር።

ስለዚህ ቱተር አትቅጠሪ አልልሽም። ልጅሽ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ፣ ለምሳሌ አልጀብራ ሁለት ከከበደው፣ ለዚያ ለተወሰነ ጊዜ ቅጠሪለት። ለኤስኤቲ ግን መጀመሪያ ካን አካዳሚ የሚባለውን የኢንተርኔት ማስተማሪያ ይሞክር፤ ከፈተናው አዘጋጅ ጋር ተስማምተው ከ2015 ጀምሮ በነፃ የሚሰጡት ዝግጅት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ይህን መንገድ የሄደ ሰው ፈልጊለት። የግድ የሀበሻ ልጅ ካልሆነ አይባልም። በቅርብ የተመረቀ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀኖቹንና ቅጾቹን አልረሳቸውም።

ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ማምጣቱን ትቶ ክለብ ይግባ ወይ ላልሽው፣ እንዳታስተዪው። ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚያመለክቱበት የኢንተርኔት ቅጽ) ላይ ከእንቅስቃሴዎቹ መሀል የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል አለ፣ ይጻፋል። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት ከአሁኑ መዝግቡት።