ድጎማ ገበሬውን ተወዳዳሪ ያደርገዋል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሐረማያ ሽንኩርትና ድንች ያመርታል። መንግሥት ማዳበሪያ ይደጉማል። ታዲያ ድጎማው ከውጭ ምርት ጋር እንድንወዳደር ያደርገናል? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብቻውን አያደርግም። ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ ድጎማው ገበሬውን ከዋጋ ንረት ይታደገዋል፣ እሱን አልቃወምም፤ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ እስኪደርስ የሚበላሸውን ምርት ግን አያድንም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ድጎማውን ከሞላ ጎደል ማንሳት ስትጀምር ገበሬው መጀመሪያ ተቸገረ፣ በኋላ ግን ምርታማነቱ ጨመረ። እኛም ድንገት እናቋርጥ ማለቴ አይደለም፤ እነሱ መንገዱም ምርምሩም ነበራቸው። የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ነዳጅ መደጎም ደግሞ አደገኛ ነው። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ውኃው ያለ ልክ ለመስኖ መሳቡ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ገንዘቡ ለማቀዝቀዣ መጋዘን፣ ለተሻለ ዘርና ለጠብታ መስኖ ይዋል፤ ያኔ ወንድምሽ ጅቡቲ ገበያ ላይም ደፍሮ ይሸጣል።