«ጾም ላይ ነኝ» ማለት ምን ያሳፍራል? የፍልሰታን ምሳ ቋጥሮ መዝናኛ ፓርክ ስለመግባት

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ ከባለቤቴ እህት ቤተሰብ ጋር ኦርላንዶ ልንሄድ ቲኬት ቆርጠናል። በኋላ ሳየው ጊዜው ፍልሰታ ውስጥ ወደቀ። የጾም ምግብ ሠርቼ ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር። ችግሩ ከምንገባባቸው ፓርኮች አንዱ ከውጭ ምግብ ማስገባት አይፈቅድም። ዘመዶቻችን «ሐኪም ያዘዘልኝ ነው በያቸው፤ ካልሆነም ከሕፃኑ ዳይፐር ሥር አድርጊው፣ ማን ያየዋል» ይሉኛል። ለጾም ብዬ እንዲህ ባደርግ ኃጢአት ይሆንብኛል? የ9 ዓመት ልጄስ ሌሎቹ አይስክሬም ሲበሉ ምን ላድርገው? ለመሆኑ በፍልሰታ እንዲህ ያለ ቦታ መሄድስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። በመጀመሪያ ዘመዶችሽ የመከሩሽን ነገር እናንሳ፤ ጥያቄሽን ሳነበው የከበደኝ እሱ ነውና።

አታድርጊው። ዳይፐሩም ይቅር፣ ሐኪሙም ይቅር።

ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲተረጉም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ነው ካለ በኋላ ለምን እንደምንከለከልም ይነግረናል፤ ሥጋ ለነፍስ እንድትታዘዝ ነው። እንግዲህ ሥጋ ለነፍስ ትታዘዝ ብለን የጀመርነውን ጾም በር ላይ ውሸት ተናግረን ካስገባነው ማን ለማን ታዘዘ? ጌታችንም በማቴዎስ 15፥11 ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፍ የሚገባው ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው ነው ብሏል። (ይህችን ቃል ጾምን ለመሻር የሚመዟት አሉ፤ የእነሱን ነገር ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) ወደ አፍሽ የሚገባው ሱፍ ፍትፍት ምንም ነውር የለበትም። «ሐኪም አዞልኝ ነው» የሚለው ግን ከአፍሽ ነው የሚወጣው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልጅሽ አጠገብሽ ቆሞ መስማቱ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ይገባዋል፤ እናቴ ለእግዚአብሔር ብላ ትዋሻለች ብሎ ይይዘዋል። ያንን ከልቡ ለማውጣት ስንት ፍልሰታ እንደሚፈጅ እንጃ።

«እነሱስ ምግብ የሚከለክሉት ውሃውንና ድንቹን በእጥፍ ሊሸጡልን አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ነጋዴ ነው፤ የጽድቅ ማኅበር አላቋቋመም። ነገር ግን ቲኬቱን ስትገዢ ደንቡን ተቀብለሽ ነው የገዛሽው። ደንቡ ካልተስማማሽ አለመሄድ ትችያለሽ፣ ምግብ የሚያስገባ ፓርክ መምረጥ ትችያለሽ፣ ለምሳ ወጥተሽ መመለስም ትችያለሽ። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን የተባለው (ማቴ. 5፥37) ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ የሚገርመኝን ልንገርሽ። ውሸቱ እኮ አያስፈልግም ነበር! ከውጭ ምግብ አናስገባም ከሚሉት ፓርኮች ብዙዎቹ የሕፃን ምግብና የተለየ የአመጋገብ ገደብ ላለበት ሰው የሚሆን ምግብ ይፈቅዳሉ። ጾም ደግሞ የአመጋገብ ገደብ ነው፣ ያውም ከጥንት የመጣ። ሳትሄጂ በፊት ስልክ ደውዪ ወይም ኢሜይል ጻፊላቸው። «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ነን፣ በዚህ ሰሞን ጾም ላይ ነን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አንበላም፣ ምሳችንን ይዘን መግባት እንችላለን ወይ?» በያቸው። እሺ ካሉሽ መልሱን በስልክሽ ይዘሽ በሩ ላይ አሳዪ። አይሆንም ካሉሽም አይሆንም ነው፤ በሌላ መንገድ ትዘጋጂያለሽ። በእኛ ሰው ዘንድ አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ መጠየቅ እንደ ልመና ይታየናል፣ መደበቅ ደግሞ እንደ ብልጠት።

ነቢዩ ዳንኤልን ተመልከቺ። ባቢሎን በምርኮ ነው ያለው። በንጉሡ ማዕድ እንዳይረክስ በልቡ አሰበ። ከዚያስ ምን አደረገ? ሥጋውን ከገበታው ሥር እየጣለ በልቻለሁ አላለም። በጓዳ በኩል ምግብ አላስገባም። ሄዶ የጃንደረቦቹን አለቃ ለመነው። አለቃው ንጉሡን ፈርቶ ሲያመነታም ዳንኤል አልተናደደም፣ «እንግዲያው በድብቅ» አላለም፤ የተሾመባቸውን ሰው «10 ቀን ፈትነን፣ ጥራጥሬና ውኃ ስጠን፣ ከዚያ ፊታችንን አይተህ እንደወደድህ አድርግ» አለው (ዳን. 1፥8-14)። በግልጽ ጠየቀ፣ አማራጭ አቀረበ፣ ውሳኔውን ለባለ ሥልጣኑ ተወ። በምርኮ ሆኖ እንዲህ ከተከበረ ቲኬት ገዝቶ የሚገባ ሰው ምን ያስፈራዋል?

በምግብ ስላታለሉት ደግሞ ኢያሱ ምዕራፍ 9ን አንብቢ። የገባዖን ሰዎች የሻገተ እንጀራ በስልቻ ይዘው «ከሩቅ አገር መጣን» ብለው ገቡ። ገቡ፣ አዎ። ግን እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ ሆነው ቀሩ።

«ጾም ላይ ነኝ ብሎ ማውራት ግብዝነት አይሆንም?» የሚለው ሐሳብ ወደ አእምሮሽ ሳይመጣ አይቀርም፣ ስትጦም ራስህን ተቀባ ፊትህንም ታጠብ ተብሏልና (ማቴ. 6፥16-18)። ጌታ የነቀፈው ግን ሰው እንዲያደንቃቸው ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ነው። በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው፤ ስለ ጾምሽ ሰምቶ «እንዴት ያለች ጻድቅ» ብሎ አያጨበጭብልሽም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ሲጠይቅሽ ያለውን መንገር ግብዝነት አይደለም። ግብዝነት የሚሆነው ሰልፍ ላይ ቆመሽ ሆት ዶግ ለያዘችው የባልሽ እህት ስለ ጾም ስትሰብኪ ነው። እሱን ተዪው። የማይበላ የሚበላውን አይፍረድበት የተባለውም (ሮሜ 14፥3) ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ስለ ምግቡም ጥቂት ልበል፣ ሴቶቹ «መምህር ስብከት ብቻ» እንዳይሉኝ። ኦርላንዶ ካለው ከዲዝኒ ወርልድ ጋር እንኳ ብዙም ጣጣ የለብሽም። ምግብና አልኮል የሌለበት መጠጥ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ የሚፈልግ ምግብ ግን አይሆንም። የጠርሙስ ዕቃ አይገባም፤ ከዚያ ነጻ የሆነው የሕፃን ምግብ ብልቃጥ ነው። ልቅ በረዶም ክልክል ነው፤ በፕላስቲክ የታሸገውን ማቀዝቀዣ ተጠቀሚ። የምግብ ሣጥኑ ከ24 በ15 በ18 ኢንች መብለጥ የለበትም። ሌላው የኦርላንዶ ፓርክ ዩኒቨርሳል ግን ጠበቅ ይላል፦ ውሃ፣ ማሞቅ የማይፈልግ ትንንሽ መክሰስ፣ የሕፃን ምግብና ለጤና ወይም ለአመጋገብ ገደብ የሚያስፈልግ ምግብ ካልሆነ ምሳ ቋጥሮ መግባት የለም። ደንብ ይለወጣልና በምትሄጂበት ሳምንት የፓርኩን ድረ ገጽ ከፍተሽ እዪ።

ታዲያ ማሞቅ ካልተቻለ ሽሮ ወጡን እቤት ተዪው፤ በዚያ ሙቀት ቢበላሽ የልጆቹ ሆድ ነው የሚታመመው። እኛ እኮ ቀዝቅዞ የሚበላ የጾም ምግብ አያጣንም። ሱፍ ፍትፍት አለ፣ ቲማቲም ፍትፍት አለ፣ ሁለቱንም ከታሸገው ማቀዝቀዣ አጠገብ ካደረግሻቸው ምሳ ድረስ ይቆዩልሻል። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዳቦ ቆሎ በዘይት ይሠራል። በሶውን በታሸገ ዕቃ ይዘሽ እዚያው በውሃ በጥብጠሽ ለልጆቹ ብትሰጫቸው ሁለት ሰዓት ሰልፍ ይቆማሉ። (ዱቄት በፌስታል ቋጥሮ በፍተሻ ማለፍ ግን ትርፉ ማብራሪያ ነው፤ እባክሽ ስሙ የተጻፈበት ማሸጊያ ይኑረው።) ጉዟችሁ ነሐሴ 13 ቡሄ ላይ ከዋለ ደግሞ፣ በፈረንጅ ኦገስት 19 መሆኑ ነው፣ ሙልሙል ጋግረሽ ያዢ። ልጆቹ ከዲዝኒዋ አይጥ ከሚኪ ቤት ፊት ለፊት ሆያ ሆዬ ቢሉ ማን ይከለክላቸዋል።

ከውስጥ መግዛትም አማራጭ ነው። በዲዝኒ የምግብ ዝርዝር ላይ ትንሽ የቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልም ሆነ ማር የሌለበት ነው። ለእኛ ጾም ይበቃል፣ እንዲያውም ያልፋል። ፈጣን ምግብ የሚሸጡት መስኮቶች ጋ ሄደሽ ብትጠይቂ ደግሞ ውሃ በበረዶ በነጻ ይሰጡሻል፤ ለዚህ ብለሽ ካርቶን ውሃ አትጎትቺ።

ልጅሽስ? በመጀመሪያ ጾሙን ሸክም ሳይሆን ምሥጢር አድርጊለት። ፍልሰታ እኮ የልጆች ጾም ነው፤ አገር ቤት እግራቸው ገና ያልጠና ሁሉ ነጠላ ለብሰው የሚያስቀድሱበትና የሚቆርቡበት ወቅት ነው። ጾሙ ከራሱ ፍላጎት እንዲመጣ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪው፤ የአክስቱ ልጆች አይስክሬም ሊበሉ ነው፣ አንተ ምን ትፈልጋለህ በይው። «አይ» ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ዶል ዊፕ የሚሉት የአናናስ በረዶ ወተት የለበትም። ከቫኒላ ጋር ሲደባለቅ ግን ይለያል፣ ጠይቂ። ፈንድሻም ቅቤ እንዳለው ሳትጠይቂ አትግዢ። ልጁ ቢሸነፍና ከአክስቱ ልጅ ቢልስም በሰው ፊት አትቆጪው። ማታ ክፍላችሁ ስትገቡ አነጋግሪው፣ ንስሐ አባታችሁ ደግሞ አሉ።

ስለ ሰዓቱ አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን የምሰጋው ለእሱ ነው። ነሐሴ ኦርላንዶ ከ32 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ አየሩ እንደ እንፋሎት ነው። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር እስከ ከሰዓት ሦስት፣ ውሃ ሳይቀምሱ በፀሐይ ሰልፍ መቆም ጾም አይሆንም፣ መውደቅ ነው። የሚያጠባ፣ ነፍሰ ጡር፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመካከላችሁ ካለ አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለደካማ የምታዝን እናት ናት። ጤነኞቹ ግን ቀላል መፍትሔ አላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቆይም። ስለዚህ ከቻላችሁ ፓርኩን ቅዳሜ አድርጉት፣ ሕዝቡ ቢበዛም። የሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ በስምንት ሰዓት ገደማ ገብታችሁ ማታውን ብትጫወቱ ፀሐዩም ይበርዳል፣ ሰዓታችሁም ይጠበቃል። ጠዋት ኪዳን ማድረስ ከቻላችሁማ እሰየው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጆቹ የሚቆርቡበት ዕለትና ፓርኩ አንድ ቀን አይሁን። የቆረበ ሰው በዚያ ዕለት እንዳይታጠብ፣ እንዳያስመልሰው፣ እንዳይደማ ይጠነቀቃል፤ እነዚያ ባቡሮች ደግሞ ሰው ገልብጠው፣ አሽከርክረው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው ነው የሚያወርዱት። የበላውን ያስመለሰ ስንቱን አይተናል። ቁርባኑ ለእሑድ ከሆነ ጨዋታው ለቅዳሜ ይሁን።

መሄዱ ራሱ ይፈቀዳል ወይ ላልሽው፦ ልጅ ሲጫወት ማየት ኃጢአት አይደለም። እኔን ብትጠይቂኝ ጉዞው ከኦገስት 7 በፊት ወይም ከ22 በኋላ ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ለእመቤታችን መስጠት ብዙ አይደለምና። ሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ ቅዳሴውም፣ ውዳሴ ማርያም ትርጓሜውም በዚያ ሰሞን ነው። ለከርሞ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት የአገራችንን ካሌንደር አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጊ። ዘንድሮ ግን ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ዘመድም ተቀጥሯል። ሂዱ። ሆቴላችሁ አካባቢ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ካለ አድራሻውን አሁኑኑ ፈልጊ፤ አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹን ይዘሽ ብታስቀድሺ ዘመዶችሽም አብረው ሳይመጡ አይቀሩም።

ፓርኩ ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ጻፊልኝ፣ ለሌሎች ምእመናን ይጠቅማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።