አኒሜና የጃፓን ብሔርተኝነት፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን ስለ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ለሁለት ተከፍለን ስንነታረክ ሰነበትን። አንዱ ወገን «አኒሜ ውስጥ ፖለቲካ አትፈልጉ» ይላል። ሌላው «ሁሉም የጃፓን ፕሮፓጋንዳ ነው» ይላል። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የምችለውን እመልሳለሁ። ጃፓንኛ ተምሬ ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) በራሱ ቋንቋ ማንበብ ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ አደራ አለኝ፦ ገጸ ባሕሪው የተናገረውን ደራሲው ተናገረ አትበሉ።

ሳሚ፦ ጋሽ ዮናስ፣ ነገሩ ከየት ጀመረ? ከጦርነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ዮናስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በፊት ነው። «ኖራኩሮ» የሚባል ማንጋ በ1931 በልጆች መጽሔት ላይ ጀመረ። ቤት የሌለው ጥቁር ውሻ የውሾች ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ይገባል። እየተሳሳተ፣ እየተቀጣ፣ ማዕረግ እየጨመረ ይሄዳል። ልጆች ነፍሳቸው ነበር።

ትልቁ ግን በሚያዝያ 1945 የወጣው «ሞሞታሮ፦ የባሕር ቅዱሳን ወታደሮች» ነው። 74 ደቂቃ ነው፤ የጃፓን የመጀመሪያው ረጅም አኒሜሽን። ሚትሱዮ ሴኦ ሠራው፣ ገንዘቡን የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ሰጠ። ሞሞታሮ ከኮክ ፍሬ የተወለደ የተረት ልጅ ነው። እንስሳት አስከትሎ ጋኔኖችን ሊወጋ ይዘምታል። ፊልሙ ላይ የጋኔኖቹን ቦታ የያዙት እንግሊዞች ናቸው።

አንድ ቦታ ልንገራችሁ። ወታደሮቹ ለእረፍት ወደ መንደራቸው ይመጣሉ። ጦጣው ሜዳ ላይ ነው። እንደ ጥጥ የሚበተን ዘር ያለው አበባ አለ አይደል? ነፋሱ ያንን ዘር ያነሳዋል። ነጫጩ ዘር ሰማዩን ሞልቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ወታደሩ ትዝ የሚለው ፓራሹት ነው። በዚያች ደቂቃ ተኩስ የለም፣ ጩኸት የለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሕፃናቱ የፓራሹት ጨዋታ ይጫወታሉ። ከዛፍ ላይ እየዘለሉ የሚያርፉት መሬት ላይ በተሳለ የአሜሪካ ካርታ ላይ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ፊልሙ ያምራል። በኋላ ታላቅ የማንጋ ደራሲ የሆነው ኦሳሙ ቴዙካ በ16 ዓመቱ ኦሳካ ሲኒማ ቤት ገብቶ አይቶት አለቀሰ። አንድ ቀን እኔም አኒሜሽን እሠራለሁ ብሎ ቆረጠ። በ1963 «አስትሮ ቦይ»ን ለቴሌቪዥን ያበቃው ያ ልጅ ነው። የምንወደው ነገር አንዱ ሥሩ እዚያ ሲኒማ ቤት ውስጥ አለ። ስለዚህ የትኛውንም ሥራ ስታዩ መጀመሪያ ማን ከፈለ ብላችሁ ጠይቁ።

ቤዛ፦ አታክ ኦን ታይታን ፋሺስት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ዮናስ፦ መጨረሻውን ያላያችሁ ይህን መልስ እለፉት።

ለማያውቀው፦ ሰው በሚበሉ ግዙፍ ፍጡራን ስለተከበበ ሕዝብ የሚተርክ ማንጋና አኒሜ ነው። ሁለት ነገር ለይተን እንይ። አንደኛው የተመዘገበ ነው። ደራሲው ሃጂሜ ኢሳያማ ፒክሲስ የተባለውን አዛዥ ሲስል መነሻው ጄኔራል አኪያማ ዮሺፉሩ እንደሆነ በ2010 ብሎጉ ላይ ጽፏል። አኪያማ ጃፓን በቅኝ በያዘቻት ኮሪያ የነበረውን ጦር የመራ ሰው ነው። ኮሪያውያን አንባቢዎች ቢቆጡ አይገርምም።

ሁለተኛው ትርጉም ነው። በታሪኩ ማርሌ በምትባል አገር ውስጥ ኤልዲያኖች የሚባሉት ሕዝብ በታጠረ ሰፈር፣ ክንዳቸው ላይ መለያ አስረው ይኖራሉ። ማንም ሰው የናዚ ዘመን አይሁድን ያስታውሳል። ግን ያው ሕዝብ ድሮ ዓለምን ረግጦ የገዛ ነው ይባላል። የማይመቸኝ እዚህ ጋ ነው። አይሁድ ዓለምን ይገዛሉ የሚለው ውሸት ነበር የፈጃቸው። የእነሱን ስቃይ ወስዶ እንዲህ ካለ ታሪክ ጋር ማጣበቅ አደገኛ ነው። ይሁን እንጂ ዋናው ገጸ ባሕሪ ኤረን ዓለምን ሲረግጥ ሥራው የሚያሳየን የሚሸሹትን ሕፃናት ነው። ፋሺስት ሥራ እዚያ ላይ ካሜራ አያቆምም። ገጸ ባሕሪው ያለው ደራሲው ያለው አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

ዳጊ፦ ናሩቶስ ፖለቲካ አለው?

ዮናስ፦ አለው። በዚያ የኒንጃዎች ታሪክ ውስጥ የኡቺሃን ጎሳ ማን እንዳስጨረሰ ተመልሰህ እይ።

ሊዲያ፦ ዋን ፒስስ?

ዮናስ፦ አልጨረስኩትም። የጨረሰ ይመልስላት።

ህሊና፦ «የእሳት ዝንቦች መቃብር»ን አይቼ ሁለት ቀን አልቅሻለሁ። ፀረ ጦርነት ፊልም ነው አይደል?

ዮናስ፦ ህሊና፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ዳይሬክተሩ ኢሳኦ ታካሃታ ራሱ ፀረ ጦርነት ፊልም አይደለም ብሏል። ፊልሙ በ1988 ወጣ። ታካሃታ የሚሠራውን ያውቃል። ሰኔ 29 ቀን 1945 ኦካያማ በቦምብ ስትነድ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከእህቱ ጋር በእሳት መሃል ሮጦ ነው የተረፈው።

ፊልሙ በጦርነቱ ስለተራቡት ስለ ሴይታና ስለ ትንሽ እህቱ ሴትሱኮ ነው። አሁን የሴይታን አባት አስቢው። የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ልጁ በአባቱ መርከብ ይኮራል። ያ መርከብ ማንን ሊወጋ እንደወጣ ፊልሙ አይነግረንም። የጃፓን ጦር ሕዝብ የፈጀባቸው የቻይናዋ ናንጂንግ የለችም፣ የፊሊፒንሷ ማኒላ የለችም። ያለው የአራት ዓመቷ ሴትሱኮና የከረሜላ ቆርቆሮዋ ብቻ ነው። ሐዘኑ እውነት ነው፤ አንድ ቃል አይነሳበትም። ግን እንዲህ ያሉ ሥራዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲደራረቡ ጃፓን በጦርነቱ የተጎዳች አገር ብቻ ሆና ትቀራለች። ብሔርተኝነት ሁልጊዜ ባንዲራ ይዞ አይመጣም። የማን እንባ ታየ፣ የማን ቀረ ብለሽ እይ። ታካሃታ በግሉ ግን ጦርነትን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 እንዳይነካ አጥብቆ የተሟገተ ሰው ነው። ሰውየውን አታስቀይሙብኝ።

ሮቤል፦ ይሄ ግን ማጋነን ነው። ልጅ በረሃብ ሲሞት እያየን ስለ ናንጂንግ እናስብ?

ቃልኪዳን፦ ሮቤል፣ የናንጂንግ ልጆችም ሞተዋል እኮ። እነሱን ማን ሣላቸው?

ሮቤል፦ ጃፓን እኮ ለእኛ ወዳጅ ነበረች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ሄደው አይተው በአድናቆት ጽፈዋል። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ተከትሎ ነው የተጻፈው።

ቃልኪዳን፦ ያቺው ወዳጅህ በ1936 የጣሊያንን ወረራ እውቅና ሰጠች። ይሄንንስ ማን ይጻፈው?

ዮናስ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው፤ ግን ለሌላ ቀን ይቆየን። ወደ ማንጋው ተመለሱልኝ። ሮቤል፣ ስለ ናንጂንግ አስብና አታልቅስ አላልኩም። አልቅስ። ስትጨርስ ጠይቅ።

ዳጊ፦ አታክ ኦን ታይታን ግን ፋሺስት ነው አይደል?

ዮናስ፦ ዳጊ፣ ወንድሜ፣ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

ናሆም፦ «ማይ ሂሮ አካዳሚያ» የሚባለው ማንጋ ቻይና ውስጥ ከድረ ገጾች የወረደው በአንድ ስም ምክንያት ነው ሲሉ ሰማሁ። ስም ይሄን ያህል ያናድዳል?

ዮናስ፦ ያናድዳል። በ2020 የአንድ ክፉ ሐኪም ስም «ማሩታ» ተብሎ ወጣ። ማሩታ ግንድ ማለት ነው። የጃፓን ጦር ክፍል 731 ሃርቢን አጠገብ በሰው ላይ ሙከራ ሲያደርግ የሚሞቱትን ሰዎች የሚጠራው «ግንድ» እያለ ነው። ደራሲው ይቅርታ ጠይቆ ስሙን ቀየረው። አውቆ አደረገው የሚል ማስረጃ አላየሁም። ግን አያቱ ግንድ ተብሎ ለሞተ ሰው፣ ሳላውቅ ነው የሚለው መልስ ምን ይረባዋል?

ሊዲያ፦ ስለ አኒሜና ፖለቲካ በአጠቃላይ ምን ታስባለህ?

ዮናስ፦ ሊዲያ፣ እህቴ፣ በአጠቃላይ ብሎ ጥያቄ አይመለስም። አንድ ሥራ ጥሪልኝ።

ሊዲያ፦ እሺ፣ የአኒሜ ዳይሬክተሩ የሃያኦ ሚያዛኪ «ንፋሱ ተነሳ»።

ዮናስ፦ አሁን ገና! በ2013 ነው የወጣው። ዜሮ የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ስለነደፈው ጂሮ ሆሪኮሺ ነው። ኮሪያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ሠሪ አሞገሰ ተባለ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቀኞቹ ከሃዲ አሉት፤ በዚያው ሰሞን ሕገ መንግሥቱ መቀየሩን ተቃውሞ ጽፎ ነበርና። ለእኔ ፊልሙ ቆንጆ ነው፣ ግን ይሸሻል። አውሮፕላኖቹ ሲወድቁ እናያለን፤ የደበደቡትን ከተማ አናይም።

ቤዛ፦ በግልጽ ብሔርተኛ የሆነስ አለ?

ዮናስ፦ ሞልቷል። የዮሺኖሪ ኮባያሺ የ1998 ማንጋ ጦርነቱን ፊት ለፊት ይሟገትለታል። በ2005 የወጣው «ኬንካንሪዩ» ኮሪያን ለመጥላት የተሠራ ነው። «ጌት» የሚባለውን ታሪክ የጻፈው የቀድሞ የጃፓን ራስ መከላከያ ኃይል አባል ነው፤ ገጸ ባሕሪዎቹም የዚያው ጦር ምልመላ ፖስተር ላይ ወጥተዋል። ማን ከፈለ፣ ለማን ተሠራ በሉ። እነዚህ አያከራክሩም፣ ስለዚህ ብዙ አልቆይባቸውም።

ሳሚ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። የቀረውን እንባ ያሳየ ጃፓናዊስ የለም?

ዮናስ፦ አለ እንጂ! የማንጋ ደራሲው ሽጌሩ ሚዙኪ በጦርነቱ የፓፑዋ ኒው ጊኒዋ ራባውል ላይ ግራ እጁን ያጣ ወታደር ነበር። አዛዦች ልጆቹን እንዴት በከንቱ እንደማገዱ በቀረው እጁ ሣለ።

ኬይጂ ናካዛዋ ደግሞ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባቱን፣ እህቱንና ወንድሙን አጣ። በ1973 ገን ስለሚባል የሂሮሺማ ልጅ የሚተርከውን «ባዶ እግሩ ገን» የተባለ ማንጋ ጀመረ። የገን አባት ጦርነቱን በመቃወሙ ጎረቤት ከሃዲ እያለ ይሰድበዋል። ፓክ የሚባል ኮሪያዊ ጎረቤት አላቸው፤ ሰፈሩ ሲንቀው የገን ቤት ያከብረዋል። በኋለኞቹ ቅጾች የጃፓን ወታደሮች እስያ ውስጥ የፈጸሙት ግፍ ተስሏል። በዚህ ምክንያት በ2012 መጨረሻ የማትሱኤ ከተማ ትምህርት ቦርድ ልጆች መጽሐፉን እንደ ልብ እንዳያገኙ ትምህርት ቤቶችን ጠየቀ። ተቃውሞ ሲበዛ በ2013 ነሐሴ ውሳኔው ተሻረ። በ2023 ግን ሂሮሺማ ራሷ ከሰላም ትምህርት መማሪያዋ አወጣችው።

ሳሚ፣ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምር። ፓክ ጋ ስትደርስ ጻፍልኝ።