ዋንዛ ለገላው፣ ወይራ ለጣት ሰሌዳው፦ ኤሌክትሪክ ጊታር በቤት ስለመሥራት ጥያቄና መልስ

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ አናጢ ነኝ። ቀን በርና ቁም ሣጥን እሠራለሁ፣ ማታ ጊታር። እስካሁን ሰባት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባይነሡ ይሻላል። «ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበርና የመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይኸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ማሆጋኒ የሚባለው እንጨት ካልተገኘ ጥሩ ጊታር አይወጣም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የብረት ክር በማግኔት ፊት ሲርገበገብ ማግኔቱ ላይ በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማጉያው የሚሰማው ይህንን ነው። ማግኔቱና ሽቦው አንድ ላይ ፒክአፕ ይባላሉ። የእንጨቱ ዋና ሥራ ክሩን ሳይነቃነቅ መያዝ ነው። እንደ ክራር ገበቴ ድምፅ እንዲያጎላ አይጠበቅበትም። ስመ ጥሩው የኤሌክትሪክ ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1949 የመጀመሪያ ሙከራውን የሠራው ከተራ የፓይን እንጨት ነው።

እኔ ለገላው ዋንዛ እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ መላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ አይጣመምም። ከበሮውም ማሲንቆውም ከእሱ ሲሠራ የኖረው በከንቱ አይደለም። ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ሰፊ ጣውላ ካጣችሁ ሁለት ወይም ሦስት አጣብቁ። ባሕር ዛፍ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ተዉት። ግራቪሊያ መልኩ ያምራል፤ ብናኙ ግን አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ያሳክካል። ክንዴ ምስክር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ አሮጌ እንጨት ፈልጉ። የፈረሰ ቤት መቃን፣ የአያት አልጋ እግር፣ የተጣለ ጠረጴዛ ሁሉ ይሆናል። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ጊታሩን መሥራት ሲጀምር አንገቱን ያወጣው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ማሆጋኒ ነው፤ የፍሬት (አንገቱ ላይ፣ በጣት ሰሌዳው ላይ አግድም የሚተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ምልክቶቹ ደግሞ የእናቱ የልብስ ቁልፎች ናቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ጊታሩ ዓለምን ዞሯል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ከጓሯችን የወደቀ ዋንዛ ከሁለት ወር በፊት አስጣውዬዋለሁ። አሁን ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምር ወንድሜ። በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ በየጣውላው መካከል ቀጭን ዱላ አጋድመህ ደርድረው። ጫፍ ጫፉን የተረፈ ቀለም ቀባው፤ እርጥበቱ በጫፉ ፈጥኖ ከወጣ ይሰነጠቃል። የአናጢዎች ልማዳዊ ስሌት ለእያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው። እኔ ግን ሚዛን አምናለሁ። በየወሩ መዝኜ ኪሎውን እዚያው ጣውላው ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ሦስት ወር ተከታትሎ ያው ቁጥር ሲወጣ ያን ጊዜ መጋዝ አነሣለሁ። ሚስቴ የኩሽና ሚዛኗን ስትፈልግ እንጨት ክምር ላይ ነው የምታገኘው።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ደሴ የተሠራ ጊታር ገዝቼ ነበር። ባቲ ካመጣሁት ከወራት በኋላ የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን እንደ ጋሬጣ ይቧጭረኝ ጀመር። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ቆላ ወርዶ ነው። የደሴ አየር ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ የባቲው ሞቃትና ደረቅ። የጣት ሰሌዳው እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ ብረቱ ፍሬት ግን አይኮማተርም፤ ጫፉ ወደ ውጭ ይቀራል። የራሴም ሦስተኛ ጊታር ኮምቦልቻ ወርዶ ይኸው ደርሶበታል። ክሮቹን ፍታ፣ በሰሌዳው ጠርዝ ልክ ደቃቅ ሞረድ አጋድመህ በቀስታ እየገፋህ እኩል አድርገው፤ ሹሉን ጫፍ አድበልብለህ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ጨርስ። እንጨቱን እንዳትነካ በላዩ ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፍበት። አንዴ ከደረቀ ደጋግሞ አያስቸግርም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ያለኝ መጋዝ፣ መሮና የእጅ መሰርሰሪያ ብቻ ነው። ራውተር (እንጨት የሚቦረቡር የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ሳይኖረኝ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። የፒክአፑን ጉድጓድ ጎን ለጎን በስተሽው መካከሉን በመሮ ጥረጊው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ንጹሕ ይወጣል። በዚያ ላይ የምጨምርልሽ ስኳድራ፣ ሁለት ሞርሳ፣ ጥሩ ሞረድና በሚሊ ሜትር የተከፈለ የብረት ማስመሪያ ነው። የእንጨት ማስመሪያ አይሁን። ምክንያቱ በሚቀጥለው መልስ ውስጥ አለ።

ጥያቄ (ከብዙዎች)፦ የፍሬቶቹ ርቀት እንዴት ይሰላል?

መልስ፦ ጭንቅላቱ ሥር ክሩ ከሚያርፍባት አጥንት እስከ ብሪጁ (ገላው ላይ ክሩ የሚያርፍበት ድልድይ) ያለውን ርዝመት ውሰዱ፤ በፌንደር ልክ 648 ሚሊ ሜትር ነው። ለ17.817 አካፍሉት፤ የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ 36.4 ሚሊ ሜትር ላይ ይወጣል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር እያካፈላችሁ፣ የወጣውን በቀደመው ላይ እየደመራችሁ ቀጥሉ፦ ሁለተኛው 70.7፣ ሦስተኛው 103.1፣ አምስተኛው 162.5፣ ሰባተኛው 215.5። አሥራ ሁለተኛው ልክ መካከሉ ላይ፣ 324 ላይ ካልወደቀ ስሌታችሁ ተሳስቷል።

የመጀመሪያዋ ጊታሬ የሞተችው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን ፍሬት ካለፈው ፍሬት ተነሥቼ ለካሁ። በየልኬቱ የፀጉር ያህል ስሕተት ተከማችቶ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ሆነ። ከላይ የተቃኘች፣ ከታች የምታለቅስ ጊታር ሆነች። ሁሉንም ከአጥንቷ ተነሥታችሁ ለኩ፣ ማስመሪያውን ሳታነሡ ምልክት አድርጉ።

የፍሬቱ ስንጥቅ ስፋት 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የተለመደው የብረት መጋዝ ጥርሱ ግራና ቀኝ ስለተዘረጋ ያሰፋዋል፤ ምላጩን በሁለቱም ጎን ድንጋይ ላይ አሽታችሁ ጥርሱን አቅጥኑት። ሰሌዳው ወይራ ቢሆን ደስ ይለኛል። ለወተት ዕቃ የምናጥንበት ያው ወይራ፣ ጠንካራና ቅባታም ነው፣ ጣት ቶሎ አይበላውም። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ትኩስ ወይራ ግን ይሰነጠቃል፤ አሮጌ ይሁን።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አንገቱ ውስጥ ብረት የግድ ነው?

መልስ፦ ስድስቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ 45 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ቀን ከሌት። ዋንዛ ብቻውን ለአንገት ይለሰልሳል፤ እኔ ግራና ቀኝ ዋንዛ፣ መካከል ወይራ አድርጌ አጣብቃለሁ። አንገቱ ሲጎብጥ እየተዞረ የሚያቀናውን፣ የሚስተካከለውን ብረትም አልተውም። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ጫፉ ጥርስ የወጣለት ዘንግ ብታሠሩ ይሆናል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ፒክአፕ ራሴ ልጠምጥም? ሞተር ጠምዛዥ ጎረቤት አለኝ።

መልስ፦ የሞተር ሽቦ ይወፍራል። ለፒክአፕ የሚሆነው 0.063 ሚሊ ሜትር፣ ከፀጉር የማይተናነስ ነው፤ ሰባት ስምንት ሺህ ዙር ይፈልጋል። ስድስት ሺህኛው ዙር አካባቢ ተበጥሶብኝ መሽቶ ነበርና ተኛሁ። የመጀመሪያችሁን ግዙት። የድምፅ መቆጣጠሪያውንም ከአሮጌ ሬዲዮ አትንቀሉ፤ ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ 250 ኪሎ ኦም ይፈልጋል፤ ከዚያ እጅግ ያነሰ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ፒክአፑን ክራሬ ላይ ባስረውስ?

መልስ፦ ክሩ ብረት ከሆነ ይሠራል። ጅማት ወይም ናይለን ከሆነ ማግኔቱ አያየውም፤ በርኩማው ሥር ፒየዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቁራጭ) ለጥፍ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ግን ይጮኻል፣ ክሩን ስነካ ዝም ይላል።

መልስ፦ ከብሪጁ ወደ መሬት (ግራውንድ) የሚሄደው ሽቦ ደኅና ነው፤ ክሩን ስትነካ ዝም የሚለው በእሱ ነው። የጎደለው ከውጭ የሚገባውን ጩኸት የሚከላከል ልባስ ነው፤ የፒክአፑን ጉድጓድ የኩሽና አልሙኒየም አልብሰህ ከዚያው ሽቦ ጋር አገናኘው። አልሙኒየም ሊድ (ሽቦ የሚበየድበት) አይቀበልም፤ በብሎን እሰረው።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ የአንቺ ሆዬ ቅኝት በጊታር ይወጣል?

መልስ፦ በወረቀት ይወጣል፦ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ (ቢሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ክራር ደርዳሪ ግን በጆሮው የሚቃኘው ከፍሬቱ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። ክሩን በጣት ገፋ አድርጋችሁ ድረሱበት። ሰባተኛዋን ጊታሬን በዚህ ምክንያት ያለ ፍሬት ሠራኋት፤ አምባሰል ስጫወትባት ያምርባታል፣ ሌላው ነገር ሁሉ ግን ይከብድባታል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ጋሼ፣ ለሽያጭ ትሠራለህ?

መልስ፦ ጊታር አልሸጥም። በር ከፈለግህ ና።